ከአባቴ ፈረስ ኋላ

ወንዶች ሲኮራረፉ ከሕፃን ይብሳሉ፤ ሕፃን እንኳ ሲርበው ይታረቃል። አባቴና ወንድሜ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ቃል ሳይለዋወጡ ኖረዋል። ሲርባቸው ሁለቱም የሚመጡት እኔ ዘንድ ነበር፤ አባቴ በፊት በር፣ ዓለምነው ደግሞ አባቴ አለመኖራቸውን በአጥር አጮልቆ ካረጋገጠ በኋላ በጓሮ። እኔ ይታይሽ ከባሌ ተፋትቼ ወደ አባቴ ቤት የተመለስኩ፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ የቤቱ ጣጣ ሁሉ ጫንቃዬ ላይ ያረፈ ሴት ነኝ። አንድ ሰሞን ቢብስብኝ «እናንተ ተዘጋግታችሁ የደከመኝ እኔ ነኝ!» ብዬ ለሁለቱም በየተራ ነግሬያቸዋለሁ። አባቴ ጋቢያቸውን አጣፉ፤ ዓለምነው ጉርሻውን ቀጠለ። ከዚያ ያለፈ ነገር አላገኘሁም።

ጠቡ የፈረስ ጠብ ነው። አባቴ አቶ ገብረ ማርያም በእንጅባራ የፈረሰኞች ማኅበር ውስጥ አንቱ የተባሉ ሰው ነበሩ። በጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኛው ሁሉ ሜዳው ላይ ሲሰለፍ ቦታቸው ፊተኛው ረድፍ ላይ ነው። ዳማው የምንለው ፈረሳቸው ከእሳቸው የባሰ ኩሩ ነበር፤ ሌላ ፈረስ ሲጠጋው ጆሮውን ያጥፋል። ዓለምነው ጎረምሳ ሲሆን አባቴ ከገዛ ባዝራቸው የተወለደ፣ በእጃቸው ገብስ እያበሉ ያሳደጉትን ፈረስ በማኅበሩ ፊት ልጓሙን አስጨበጡትና ከአጠገባቸው በስተግራ፣ አንድ ራስ ወደ ኋላ አሰለፉት። በእኛ አገር አባት ለልጁ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አይሰጥም። መሬት አባት ከሞተ በኋላም ይወረሳል፤ ፈረስ ግን አባት በሕይወቱ ሳለ «አንተም ሰው ሆንክ» ብሎ የሚሰጠው ነው።

ዓለምነው ያንን ፈረስ ዳንግላ ገበያ ወስዶ ሸጠው።

ክፋት ኖሮበት አይደለም። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ አንድ ነገር ልቡ ከገባ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ዓብዱልሀሚድ የሚባል የዳንግላ ነጋዴ፣ የአባቴ የቆየ ወዳጅ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ብስክሌት ይሸጥና ያስጠግን ነበር። ዓለምነው ገበያ በሄደ ቁጥር እዚያ ተገትሮ ካቴና ሲቀባ፣ ቸርኬ ሲቃና ሲያይ ይውልና የላክሁትን ጨው ረስቶ ባዶ እጁን ይመጣል። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ በብስክሌት እየበረረ፣ ደወሉን እያቃጨለ ግቢ ገባ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። አባቴ ቀርቀሃው አጥር ሥር ተቀምጠው ልጓም ይጠግኑ ነበር።

«ፈረስህስ?» አሉት።

«ሸጥኩት አባዬ። ይቺ ገብስ አትበላ፣ ውኃ አትጠጣ። ዳንግላ ደርሼ ብመለስ እንኳ አይደክማት!»

አባቴ ተነሥተው ብስክሌቷን ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ጎማዋን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«እኔ ስሞት ለቅሶዬ ላይ የምትስበው ይቺን ነው? ደወሏን እያቃጨልክ?»

እኛ ጋ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፤ ጋሻውና ለምዱ ኮርቻው ላይ ይደረጋል፤ ወንድ ልጁም ልጓሙን ይዞ ከፊት ከፊት እየሳበ በለቃሹ መሀል ያዞረዋል። አባቴ የጠየቁት ይህንኑ ነው። ዓለምነው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሞኝ! እኔ የአባቴን ዓይን አይቼ ስለነበር አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን ወዲያ አባቴ ስሙን አልጠሩም። ዓለምነውም ጓዙን ጠቅልሎ ዳንግላ ዓብዱልሀሚድ ዘንድ ብስክሌት ጠጋኝ ሆኖ ገባ።

አንድ ነገር ግን ልብ ብዬ ነበር። በየዓመቱ በጊዮርጊስ ሰልፍ ላይ ከአባቴ በስተግራ ያቺ ቦታ ባዶዋን ትቆማለች። ሌላ ፈረሰኛ ሊገባባት ሲል አባቴ ምንም ሳይናገሩ ዳማውን አዙረው ይዘጉበታል። የማኅበሩ አለቃ አቶ አየነው አንዴ ሊጠይቋቸው ሞክረው ነበር፤ አባቴ ስለ ገብስ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ሰው የሚጠላውን ልጅ ቦታ እንዲህ አይጠብቅም። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ዓለምነው ግን በሰልፉ ቀን ከዳንግላ ስለማይመጣ አያውቅም። ብነግረውም «አንቺ ለማስታረቅ ስትይ የማትፈጥሪው የለም» እያለ ይስቅብኛል። ሲስቅ ግን ዓይኑ ይቀላ ነበር።

ሽማግሌ ያልላክንበት ጊዜ የለም። በመጨረሻ ዓብዱልሀሚድ ራሱ መጣ። አባቴና እሱ ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ የሚተዋወቁ፣ ሲገናኙ መሰዳደብ የሚቀናቸው ወዳጆች ናቸው።

«አንተ ገብረ ማርያም፣ ልጅህ ሱቄ ውስጥ ከስቶ ከስቶ ራሱ የብስክሌት ሽቦ መስሏል። ምን እስኪሆን ነው የምትጠብቀው?»

አባቴ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ «ያ ብረት ፈረሴን የቀደመ ዕለት አናግረዋለሁ» አሉ።

«እንዴት አድርጎ? ልጅህ ካንተ ፈረስ ፊት መች ይወጣል?»

ይኸ እውነት ነው። የልጅ ፈረስ ከአባቱ ፈረስ ፊት አይሄድም። ገበያም ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፣ ጉግስም ቢሆን። የቸኮለ ልጅ ሌላ መንገድ ይፈልጋል እንጂ አባቱን አልፎ አይሄድም። ይህን ዓለምነው ኮርቻ ላይ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የተማረው፣ አጥንቱ ውስጥ የገባ ነገር ነው። እንግዲህ አባቴ በሩን ከፈትኩ ብለው መልሰው መዝጋታቸው ነበር።

«እንዲያውስ ለዘላለም አላናግረውም በል፤ ምን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬድሃል!» አለና ዓብዱልሀሚድ ተቆጥቶ ሄደ፤ የአባቴንም ቃል ለዓለምነው እንዳለ አደረሰለት። እኔም ተናድጄ የአባቴን ራት ሳላሞቅ አቀረብኩ። እንደ ቀዘቀዘ በሉት።

ያንኑ ዓመት ዓብዱልሀሚድ ለዕቃ አሥመራ ሄዶ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ዕቃ አይደለም፤ ወሬ ነው። አንድ የብስክሌት ውድድር አይቶ ልቡ ተሰርቋል። ለሰማው ሁሉ በእጁ ጭምር እያሳየ ይተርክ ነበር።

«አንድ ሞተር ብስክሌት ከፊት ይነዳል። ብስክሌተኞቹ ከኋላው ተጣብቀው ይከተላሉ። እሱ ነፋሱን ይሰብርላቸዋል፤ እያፈጠነ፣ እያፈጠነ ይወስዳቸዋል። እሱን መቅደም ክልክል ነው! መጨረሻው ሲቃረብ ግን ወጣ ይልላቸዋል። ከዚያ በኋላ ጉልበት ያለው ይቅደም!»

ዳንግላ ላይ ሞከሩት። የአንድ ሹፌር ሞተር ለምነው ከፊት አስቀደሙ፤ ሞተሩ በሁለተኛው ዙር አጨሰ፣ አስነጠሰ፣ ቀጥ አለ። ብስክሌተኞቹ እላዩ ላይ ተደራረቡ። የጋሪ ነጂዎቹ ሳምንት ሙሉ ሳቁባቸው። ዓብዱልሀሚድ ግን በዋዛ የሚተው ሰው አይደለም፤ «ለጥር ጊዮርጊስ እንጅባራ፣ በፈረሶቹ ሜዳ ላይ እናደርገዋለን። ሞተር ካጣን ፈረስ አናጣም» ብሎ ተነሣ። የማኅበሩም ሰዎች ነገሩ አዲስ ስለሆነ ደስ አላቸው። ከፊት የሚመራው ፈረስ ግን ማንም ፈረስ ሊሆን አይችልም። የብስክሌት ድምፅ የማያስበረግገው፣ ጌታው በል ባለው ፍጥነት ሳያጓድል የሚሄድ፣ ከሶምሶማ ወደ ደንገላሳ፣ ከደንገላሳ ወደ ሽምጥ ሳይደናገጥ የሚሻገር መሆን አለበት። ሁሉም ሰው እንዲህ ያለው ፈረስ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ማንም ግን ሄዶ ሊጠይቅ አልደፈረም።

ዓብዱልሀሚድ ጠየቀ። አባቴ መጀመሪያ ፈረሳቸው ከብረት ጋር እንደማይውል ተናገሩ። ከዚያ እንደ ዋዛ «የሚጋልቡት እነማን ናቸው?» አሉ።

«ቢሻው አለ፣ የጥሊሊው። የእኔ ልጅ ሙሐመድሰዒድ አለ። ሁለት ሌሎች የዳንግላ ልጆች አሉ።» ዓብዱልሀሚድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያንተም አለ።»

አባቴ ዳማውን አንገቱን ሲያሹ ቆዩ።

«ፈረሴ ከፊት ከሆነ ይሁን» አሉ። «ብረቱ ከኋላ ይከተል።»

እኔ ጓዳ ሆኜ ሰምቼ ሳቅኩ። ኩራት ነው ብሎ ሌላ ሰው ይሞኝ እንጂ እኔ አልሞኝም። ሳያናግሩት ከልጃቸው ጋር ሊውሉ ነዋ!

ልምምዱ ከገና በዓል በፊት ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ አባቴ ዳማውን ጭነው ሜዳው ላይ ይደርሳሉ፤ አምስቱ ብስክሌተኞች ከኋላቸው ይሰለፋሉ። አባቴ አንድም ቀን ዞር ብለው አላዩም። ጀርባቸውን ሰጥተው ይመጣሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ። ዓለምነውም ሁልጊዜ በዚያው በስተግራ ይከተላል፤ ማንም አልመደበውም፤ እንዲሁ የለመደበት ቦታ ነው። ምሳ ይዤለት ስሄድ «የማውቀው ጀርባቸውን ሆነ እትዬ» ይለኛል። «ፊታቸው እየተረሳኝ ነው።»

ከሜዳው ዳር ተቀምጬ ሳይ ግን አንድ ነገር ገባኝ። በጥር ከዘንገና ሐይቅ በኩል የሚመጣው ነፋስ አጥንት የሚሰብር ነው። አባቴ ሜዳውን ሲዞሩ ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን በደረሱ ቁጥር ዳማውን ጥቂት ገፋ ያደርጉታል። ነፋሱ ከቀኝ ሲመጣ ወደ ቀኝ፣ ከግራ ሲመጣ ወደ ግራ። በስተግራ ያለው ብስክሌት ላይ ነፋስ አያርፍም። ዞር ብለው ሳያዩ የት እንዳለ በድምፁ ያውቁት ነበር። ቢሻው አጉረመረመ፤ «ሽማግሌው ለልጃቸው ያደላሉ» አለ። ዓለምነው ሰምቶ «ለእኔ? አንተም ታሾፋለህ?» አለው። እኔ ያየሁትን ስነግረው ደግሞ ፔዳሉን ማሽከርከር ያዘ። ለማመን ፈርቶ ነው። ሰው ሦስት ዓመት ከተጎዳ ተስፋ ያስፈራዋል።

የታኅሣሡ ግርግር ወሬ ገና ከሰው አፍ ሳይወርድ የጥር ጊዮርጊስ ደረሰ። ያን ጠዋት አባቴ ሲለብሱ ደረታቸውን ያዝ አድርገው ቆሙ። ምች ነው አሉ፤ እኔም ዳማከሴ ጨምቄ ሰጠኋቸው። ጠጥተው ፊታቸውን አጨማደዱና ለምዳቸውን ደረቡ። ጋሻቸውን ሲያነሡ ደህና ሰው ነበሩ፤ እንዲያውም ቀልድ ቀልድ ብሏቸው «ቅቤ የተቀባ ፈረስ ነው ወይስ ካቴና?» እያሉ ዳማውን ያሻሹት ነበር።

ጉግሱ ካለቀ በኋላ ሜዳው ተጠረገ። ሕዝቡ ዳር ይዞ ቆመ። ሜዳውን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፤ በሦስተኛው ዙር ፈረሱ ሜዳው ዳር ያለው ኮሶ ዛፍ ጋ ሲደርስ ወደ ዛፉ ታጥፎ ይወጣል፤ ከኮሶው እስከ መጨረሻው መስመር ያለው ለብስክሌቶቹ ነው። ከዚያ በፊት ፈረሱን የቀደመ ከውድድሩ ይባረራል። ያሸነፈ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ለጠቅላይ ግዛቱ ይወዳደራል ተባለ፤ ለቢሻው ዋናው ነገር እሱ ነበር። ለወንድሜ ግን ደብረ ማርቆስ ምኑም አልነበረም።

አባቴ ፈረሱ ላይ ከወጡ በኋላ በእጃቸው ጠሩኝ። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣

«ይታይሽ፣ ምሳውን ለሦስት ሰው አድርጊው» አሉኝ።

«ሦስተኛው ማነው?»

«ኮሶው ጋ ስደርስ ወጣ ብዬ አሳልፈዋለሁ። መንገድ የለቀቅኩለት እኔ ነኝ፤ ነውር የለበትም። ከዚያ ወዲያ ፈረሴን ቀደመው ማለት አይደለም?»

እንደ ልጅ ፈገግ አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከራሳቸው ቃል ማምለጫ ሲፈልጉ ኖረው ገና አሁን ያገኙት ነው የሚመስሉት። እንባዬ መጣ።

«ቀድመው ቢነግሩት ምን ነበረበት አባዬ!»

«ዝም በይ፤ ፈረሱ ይሰማሻል» አሉና ዳማውን ወደ መስመሩ ነዱት። ልነግረው ወደ ዓለምነው ስዞር ግን ዓብዱልሀሚድ መሐረቡን ጥሎ ውድድሩን አስጀምሮ ነበር።

መጀመሪያ በሶምሶማ ሄዱ። ብስክሌቶቹ ሣሩ ላይ እየተንገጫገጩ ሲከተሉ ሕዝቡ ሳቀ፤ ፈረስ ልጆቹን ጭድ ሊያበላ የሚወስድ ይመስል ነበር። በሁለተኛው ዙር ዳማው ወደ ደንገላሳ ተሻገረ፤ ሳቁ ቀነሰ። ብስክሌተኞቹ ጎንበስ ብለው ተጠጋጉ፤ ዓለምነው በስተግራ፣ ከዳማው ጭራ ክንድ በማይሞላ ርቀት። በነፋሱ በኩል ሲደርሱ ዳማው እንደ ልማዱ ገፋ አለለት። በሦስተኛው ዙር አባቴ አንድ ቃል በአገውኛ ጮኹ፤ ዳማው ሽምጥ ገባ።

ከዚያ አባቴ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

ሰው ሁሉ ፈረሱን ሊያበረቱ መሰለው። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ። የእኛ አገር ኮርቻ ከፊትም ከኋላም ከፍ ያለ ነው፤ ሰው በቶሎ አይጥልም። ልጓሙንም እጃቸው ላይ ጠምጥመውት ነበር። ኮሶው ቀረበ። በልቤ «አሁን፣ አሁን» እላለሁ። ዳማው ኮሶው ጋ ደረሰ፤ ጌታው አላጠፈውም፤ ቀጥ ብሎ አለፈ።

ብስክሌተኞቹ ግራ ገባቸው። ቢሻው ዛፉ ወደ ኋላ መቅረቱን እንዳየ በቀኝ ዞሮ ፈረሱን አለፈ። ሙሐመድሰዒድ ተከተለው፤ ሁለቱ ልጆችም ተከተሉ። ሕዝቡ «ዓለምነው፣ ውጣ! ውጣ!» እያለ ይጮኻል። ጉልበት አልጎደለውም፤ ከሁሉም እሱ ይበረታ ነበር። ግን አልወጣም። እነዚያ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው፤ የአባቱ ፈረስ ግን ከፊቱ አለ፤ አባቱ መንገድ አልለቀቁለትም። እንዴት አድርጎ ይለፍ?

በኋላ እሱ ራሱ እንደነገረኝ እያለቀሰ ነበር የሚነዳው። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠራቸው።

«አባዬ! ያሳልፉኝ!»

መልስ የለም።

«አባዬ፣ እባክዎ ያሳልፉኝ!»

መልስ የለም። ሦስት ዓመት ዝም ሲሉት ስለኖሩ የሞታቸውን ዝምታ ከኩርፊያቸው ዝምታ መለየት አልቻለም። ሆን ብለው፣ በሰው ሁሉ ፊት ሊያዋርዱት መሰለው። እንዲያም መስሎት አላለፋቸውም። ዳማው መስመሩን አለፈ፤ ወንድሜም ከጭራው ሳይለይ የሁሉም መጨረሻ ሆኖ አለፈ።

ዳማው ማንም ሳይገታው በራሱ ቀስ እያለ ቆመ። ዓለምነው ብስክሌቱን ወርውሮ ሮጠና በልጓሙ በኩል ያዘው። ሊጣላ ነው የሄደው። ሦስት ዓመት ያጠራቀመውን ሊናገር።

«እስከ መቼ ነው? ልጅዎ አይደለሁም?» አለ።

አባቴ ከኮርቻው ወደ እሱ ዘንበል አሉ። ደረታቸው ትከሻው ላይ አረፈ፤ እጃቸው ጀርባው ላይ ወደቀ። ለአንድ አፍታ ያቀፉት መሰለው። እሱም አቀፋቸው። «አባዬ» ብሎ ፊቱን አንገታቸው ሥር ሸጎጠ። ሕዝቡም ታረቁ ብሎ እልል አለ። እኔ ስሮጥ እልልታው ገና አላቆመም ነበር። ደርሼ ፊታቸውን ሳይ ጮህኩ።

ያን ሌሊት ዓለምነው አስከሬኑ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቀኝ።

«ምን አሉ እትዬ?»

«ኮሶው ጋ ስደርስ ወጣ ብዬ አሳልፈዋለሁ አሉ።»

«ድገሚልኝ።»

ደገምኩለት።

«ምሳውስ?»

«ለሦስት ሰው አድርጊው አሉ።»

«ሳቁ?»

«ፈገግ አሉ።»

«በየትኛው በኩል ሆነው ነው የነገሩሽ? እኔን አዩኝ? ሲነግሩሽ ወደ እኔ አዩ?»

እዚህ ላይ ብዋሽለት ምን ነበረበት? ግን አፌ አልታዘዘልኝም። «ወደ አንተ አላዩም፤ እኔን ነበር የሚያዩት» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና «ምን አሉ እትዬ?» አለኝ። ለሦስት ሰው ላቀርበው የነበረው ምሳ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ነበር፤ ማንም አልነካውም።

በማግሥቱ ቀበርናቸው። ከቀብር በኋላ ለቅሶው ያው ሜዳ ላይ ሆነ። የትናንቱ ዱካ አልጠፋም፤ የዳማው ኮቴ ሣሩን ቦጫጭቆታል፣ ከኮሶው ወዲህ የአንድ ብስክሌት ጎማ ብቻ ከኋላው ከኋላው ተሰምሯል። ፈረሰኛው ተሰለፈ። ፊተኛው ረድፍ ላይ አሁን ሁለት ባዶ ቦታ ነበር፤ አንዱ የአባቴ፣ አንዱ እሳቸው ሲጠብቁት የኖሩት። ዓለምነው ያቺን ቦታ ያን ዕለት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት። ቆሞ ቀረ። ዞሮም አየኝ፤ ለካ እውነት ነው የምትነግሪኝ የነበረው የሚል አስተያየት ነው። ምን ዋጋ አለው።

ዳማውን ጭነው አመጡት። ጋሻውና ለምዱ ኮርቻው ላይ ነው። አቶ አየነው ልጓሙን ለዓለምነው ዘረጉለት።

«እኔ ፈረስ የሸጥኩ ሰው ነኝ» አለ ወንድሜ። «ለእኔ አይገባም።»

«አባትህ ይገባዋል ብለው ነው ቦታህን ያላስነኩት። ያዝ።»

ያዘ። አልቃሿ ሙሾውን አወጣች፤ ሴቶቹ ተቀበሉ፤ እሱ መራመድ ጀመረ። ግን ከፈረሱ ጎን ሆኖ ነው የሚሄደው፣ እንዲያውም ወደ ኋላ ይላል። ዳማውም ግራ ገብቶት ይቆማል።

«ከፊት ሁን ልጄ» አሉት አቶ አየነው። «የሚስበው ከፊት ነው። ዛሬ ይፈቀዳል።»

ዓለምነው ሽማግሌውን አያቸው፣ ፈረሱን አየ። ከዚያ አንድ እግሩን አስቀደመ፣ ሌላውንም አስከተለ። ልጓሙ ተወጠረ፤ ዳማው አንገቱን ደፍቶ ተከተለው። እኔ ከሴቶቹ መሀል ሆኜ አየሁት። ወንድሜ ከአባቱ ፈረስ ፊት ሲሄድ በዕድሜዬ ሙሉ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ኮሶው ዛፍ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ከአባቱ ፈረስ ፊት መሆኑ እሱም አሁን ገና የገባው ይመስለኛል። ዞር አለና ባዶውን ኮርቻ ቀና ብሎ አየው።

«አባዬ» አለ፤ ድምፁ ግን ያልታመመ፣ ያልተሰበረ፣ እቤታችን ጓሮ ሆኖ እንደሚጠራኝ ያለ ድምፅ ነው። «ይኸው ቀድሜዎታለሁ። እንግዲህ ያናግሩኝ።»

አልቃሿ ሙሾዋን አቋረጠች። ዳማው ልጓም የያዘውን እጅ አሸተተ። ወንድሜ ግን ፈረሱን አላየውም፤ ዓይኑን ከኮርቻው ሳይነቅል መልስ ይጠብቅ ነበር።